ሦስት ቁጥር

«ያቺ የካልሲዋ ነገር!» አሉ የክርክር ክበቡ መምህር እጇን ይዘው እየነቀነቁ። «ዳኞቹ እኮ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። በርቺልኝ!»

ጭምት እጇን እንደሰጠች ደርቃ ቀረች። የእረፍት ደወል ገና መደወሉ ስለሆነ መተላለፊያው በተማሪ ተጨናንቋል። አንዱ በትከሻው ገጭቷት አለፈ፤ ሌላው «ዞር በሉ!» እያለ ኳስ ታቅፎ ሮጠ። እሷ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የሰማችው ካልሲ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

«የትናንቱን ማለትዎ ነው?»

«የትናንቱን ነዋ! ‹ስልክ ብትከለክሉ ግቢ መግባቱ አይቀርም፤ ከቦርሳ ወጥቶ ካልሲ ውስጥ ይገባል እንጂ› አላልሽም? ከየት አመጣሽው?»

ያመጣችውስ ከራሷ ነው። ግን ትናንት የግማሽ ፍጻሜው ክርክር ሲካሄድ ጭምት በቦታው አልነበረችም።

መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «አነጋገርሽ ደግሞ! እንዴት እንዲህ በአጭር ጊዜ አስተካከልሽው? ከማዶ መሆንሽን ማንም ሊጠረጥር አይችልም።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ሄዱ።

ሌላው ባይጠረጥርም ጭምት ግን ወዲያው ጠረጠረች። ይህን ከእናቷ ነው የወረሰችው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ በዚህ ዓለም ላይ የማትጠረጥረው የራሷን መቀስ ብቻ ነው። ሚዛን ትጠረጥራለች፣ ፈገግታ ትጠረጥራለች፣ በነጻ የተሰጠ ነገርማ አይነሳ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ትላለች፤ ካለች ደግሞ ስንጥሩን ሳታገኝ አትተኛም።

ጭምት የሚለውን ስም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያወጡላት፣ አፏን ስለማትከፍት። ቤቷ የሚጠሯት «ራዲዮ» እያሉ ነው። ከደጃፍ ጀምራ ስለምታወራ አባቷ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያነሳ «ኧረ ድምፁን ቀንሱልኝ» ይላል። ራዲዮዋን ጭምት የሚያደርጋት በመሀል ያለው ድልድይ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያሉ ሰዎች በየቤታቸው የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ሲናገሩ የቃሉን ጫፍ ይጎትቱታል። ጭምትም ትጎትታለች። ሰባተኛ ክፍል እንደገባች አንድ ጊዜ እጇን አውጥታ ስለ ቅጠል ጥያቄ መልሳ ነበር። መልሱ ትክክል ነበር፤ ክፍሉ ግን ወር ሙሉ «ቅጠሉኡኡ» እያለ ሲጠራት ከረመ። ከዚያ ወዲህ እጇ ከጠረጴዛው በታች ነው።

የክርክሩ መጋረጃ የመጣው እንደ እሷ ላሉት ነው። ባለፈው ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ከማዶ የመጣ ልጅ በክርክር ውድድር ከመጀመሪያው ዙር አልፎ ያውቃል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልፎ አያውቅም። የክርክር ክበቡ መምህር ከልባቸው ደነገጡ፤ የዕረፍቱን ወራት ሲያስቡ ከርመው ትምህርት ሲከፈት አዲስ ደንብ ይዘው ብቅ አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ በመጋረጃ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ከውጭ የተጋበዙት ዳኞችና መምህሩ፣ በሌላው ወገን ሁለቱ ተጋጣሚ ክፍሎች ይቀመጣሉ። ስም አይጠራም፤ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ጭብጨባ እንዳያዳላ ተብሎ ተመልካች አይገባም። የማን ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚያውቁት መዝጋቢው መምህሩ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የማንንም ድምፅ እንዳይለምዱ የልምምድ ክፍል ደጃፍ አይረግጡም። «ዳኛው የሚሰማው ሐሳብን ብቻ ይሆናል» አሉ ዓይናቸው እያበራ።

መጋረጃውን እንድትሰፋ የታዘዘችው የጭምት እናት ነበረች። ጨርቁን እየገለበጠች «መጋረጃ የሚሰቀለው የሚደበቅ ነገር ሲኖር ነው» አለች። ጭምት ሳቀች። በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

መልክ ተደበቀ። ድምፅን ግን ጨርቅ አይመክተውም፤ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር ጭምት ተናግራ ስትጨርስ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ሦስት ቁጥር፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። አነጋገርሽ ግን አድማጭን ያደክማል» አሉ። ቡድኑ ለጥቂት አለፈ። ጭምት መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ እንባዋን የጠረገችላት ዜና ነበረች።

ዜና የቡድኑ ሁለት ቁጥር፣ የጭምትም የወንበር ጓደኛ ናት። ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ የምታነብ እሷ ስለሆነች ነው ዜና የሚሏት። ከፈለገች እንደ ሴት አንባቢ፣ ከፈለገች እንደ ወንድ አንባቢ ታነባለች፤ የዳይሬክተሩን ሳል ሳይቀር ትቀዳለች።

ሁለት ዓይነት ድምፅ! ጭምት ከመተላለፊያው ሁካታ ወጥታ ግድግዳ ተደገፈች።

ነገሩን ወደ ኋላ መለሰችው። ክርክሩ ወደ ከሰዓት ተዛውሯል ብላ የነገረቻት ዜና ናት። ከሰዓት ስትደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነበር። «መልሰው ወደ ጠዋት አደረጉት፤ እንዴት አንቺን ላግኝሽ?» ነበር ያለቻት ዜና። «ደግነቱ ሦስተኛ ተናጋሪ ሳያስፈልግ አለፍን።» ጭምት ያኔ አምና፣ እንዲያውም ደስ ብሏት፣ አቅፋት ነበር። አሁን ያ እቅፍ ቆረቆራት። የካልሲዋን ነገር የተናገረችው በልምምድ ላይ ነው፤ የሰሙት ዜናና የቡድኑ አለቃ ጠበቃው ብቻ ናቸው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ልምምድ ክፍሉ ስትሄድ ከወትሮው ቀደም ብላ፣ ጫማዋ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። በመጀመሪያ የሰማችው የዜናን የራሷን ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለውን፣ የማስታወቂያውን። ትንሽ ቆይቶ ወፈር፣ ረጋ ያለ ሌላ ድምፅ መጣ።

«የቤት ሥራ መቅረት አለበት» አለ ወፍራሙ ድምፅ። «ወረቀቱ ላይ ስሜ ተጽፏል። ማን እንደሠራው ግን መምህሬ አያውቁም። ታላቅ እህት ያለው ነጥብ ያገኛል፤ የሌለው ዜሮ።»

የሷ ሐሳብ ነበር፤ ትናንት ለፍጻሜው አውጥታ አውርዳ ያመጣችውና ለዜና ያካፈለችው፣ ድልድዩ ላይ ቆማ ለራሷ እየደጋገመች ያጠናችው። በዜና አፍ ሲሰማ ያምራል። እንደዚያ ማማሩ ነው ያናደዳት። በሩን ገፍታ ገባች።

ዜና አፏን እንደከፈተች ቀረች። ጠበቃው ከመስኮቱ ደፍ ላይ ዘሎ ወረደ። ጠበቃ የሚሉት በዳቦ መጠን ከካፍቴሪያዋ ሴትዮ ጋር ሳይከራከር ምሳ ስለማይወርድለት ነው።

«ሰዓቱ ተዛውሯል ያልሽኝ ሆን ብለሽ ነው?» አለች ጭምት።

«እንዳትቆጪ፣ መጀመሪያ ስሚኝ...»

«ሆን ብለሽ ነው?»

«ላንቺ ብዬ ነው!» አለች ዜና። «ሴትዮዋ ዳኛ ያለችሽን ረሳሽው? መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ አጠገብሽ ማን ነበር? ደግመው ሙድ እንዲይዙብሽ ነው የምትፈልጊው?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ እሺ አትይማ!»

ዜና ራሷ የተናገረችውን አሁን ገና የሰማችው ይመስል ፊቷ ቀላ።

ጠበቃው ጣልቃ ገባ። «በሕግ አምላክ፣ ጥፋት የለም። አባል ሲቀር ሌላው ይናገርለታል ይላል ደንቡ።»

«ለዳኞች ከተነገረ ነው» አለች ጭምት። ደንቡን ከሱ በላይ በቃሏ ታውቀዋለች። «ተነግሯል?»

ጠበቃው የጫማውን ክር ማየት ጀመረ። «ተጋጣሚዎቻችን የተነገረ ነው የመሰላቸው። ዝም አሉ፣ እኛም ዝም አልን።»

«ነገ በፍጻሜውስ?»

«ነገም እንደዚያው» አለች ዜና። «ተጋጣሚዎቹን ጉሮሮዋን አሟታል እንላቸዋለን። እስቲ አስቢው፣ ነገ አንቺ ብትናገሪ ድምፁ ይለያል፤ ማታለላችን ይታወቃል። እኛ ከውድድር፣ መጋረጃው ደግሞ ከግድግዳ ይወርዳል። ‹ከማዶ ልጅ ብናስገባ ይኸው ተጭበረበርን› ነው የሚሉት። እሺ ለኔ አታስቢ። ለናንተ ሰፈር ልጆች አስቢ።»

ለናንተ። ጭምት ጓደኛዋን ትኩር ብላ አየቻት። ዋንጫውን ፈልጋ ነው? ቀንታ ነው? ከንፈሯን አየች፣ ዓይኗን አየች፣ እናቷ ጨርቅ ወደ ብርሃን አንስታ ቀዳዳ እንደምትፈልገው ውሸት ፈለገች። አላገኘችም። ዜና የምትለውን ከልቧ ታምናለች፤ የጭምት ድምፅ የሚያሳፍር ነገር እንደሆነና ጥሩ ጓደኛ ሊሸፍነው እንደሚገባ ታምናለች። ጭምት ውሸት ብታገኝ ይሻላት ነበር።

እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እነሱ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠሩት።

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ጭምት ቦርሳዋን አስቀምጣ ከጨርቆቹ መሀል ተቀመጠች።

«ምነው ራዲዮ፣ ባትሪ ጨረስሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

እናቷ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። «ማን ነው ያስቀየመሽ? ያቺ ዜና ናት አይደል? ዓይኗ አያምረኝም ብዬሽ ነበር።»

«እማ፣ ላንቺ የማንም ዓይን አያምርሽም።»

«አሳምረው ያሳዩኝና አይቼ እፈርዳለሁ» አለችና እናቷ መኪናዋን ቀጠለች።

ጭምት የወዳደቁትን ክሮች እየለቀመች መጋረጃውን ያደረሱበት ቀን ትዝ አላት። ድልድዩን እስኪሻገሩ ድረስ እናቷ ስለ ጨርቁ ጥራት፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ ሁሉም ነገር ስታወራ ነበር። ድልድዩን እንደተሻገሩ ጸጥ አለች። ክር መሸጫው ዘንድ የፈለገችውን በጣቷ አሳየች፤ አፏን ከከፈተች ዋጋው ይንራል። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ መጋረጃው በየት በኩል እንደሚከፈት ሲጠይቃት ሁለቱ ጨርቆች መሀል ላይ የሚደራረቡበትን ቦታ በእጇ ገልጣ አሳየችው። ሰውየው ወደ ጭምት ዞሮ «ሴትየዋ አትሰማም እንዴ?» አለ። እናቷ ሰምታ ፈገግ አለች። ስትመለስ ድልድዩን ከማለፏ ያን ሰውዬ ስትሰድብ አምሽታ አልጠገበችም፤ አባቷ በሳቅ ሞተ። ጭምትም አብራ ስቃ ነበር። አሁን ስታስበው ግን በትምህርት ቤቱ ወገን የእናቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

«እማ፣ ያን ቀን መጋረጃውን ስናደርስ ለምን ዝም አልሽ?»

«የቱን ቀን?»

«አትሰማም እንዴ ያለሽ ቀን።»

«እ... እሱን። ዝም ብል ምን አጣሁ? ሥራዬን አስረከብኩ፣ መጣሁ።» እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ሱሪውን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። ጭምት የእናቷን እጆች እያየች አዘነች፤ ስለ ዜና እንኳ እንዲህ አላዘነችም።

በፍጻሜው ቀን ቤተ መጻሕፍቱ አቧራና አሮጌ ወረቀት ይሸታል። ጠበቃው ወደ ተጋጣሚዎቹ ጠረጴዛ ሄዶ ጉሮሮውን እያሳየ አንሾካሾከ። ከነሱ አንዷ ልጅ ቀና ብላ ጭምትን አየቻት፤ ጥርጣሬዋ ከሩቅ ያስታውቃል። ጭምት ዓይኗን አልሰበረችም።

ጠበቃው አንድ ቁጥር ሆኖ ተናገረ፤ እንደ ልማዱ ጠረጴዛ መታ። ዜና ሁለት ቁጥር ሆና ተናገረች፤ እንደ ውኃ ፈሰሰላት። ተጋጣሚዎቹም በየተራቸው ተነሱ። የቤት ሥራ ትጋትን ያስተምራል አሉ፤ ወላጅና ልጅን ያቀራርባል አሉ። ጭምት ቀጥላ የምትመታውን እየመረጠች በብጣሽ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች።

«ሦስት ቁጥር» አሉ መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ። ድምፃቸው ውስጥ ጉጉት አለ።

ዜና ድምፅዋን ለማወፈር ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትነሳ ስትል ጭምት እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። አልከበደም፤ ዜና ግን ተቀመጠች። ጠበቃው ከጠረጴዛው ስር እግሯን ረገጣት። ጭምት እግሯን ሳብ አድርጋ ተነሳች።

«የተከበራችሁ ዳኞች» ብላ ጀመረች፤ የቃሉ ጫፍ እንደ ልማዱ ተጎተተ። «የቤት ሥራ መቅረት አለበት ስንል...»

ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ተንቋቋ።

«ይቅርታ» አሉ ሴትዮዋ ዳኛ። «የጠራነው ሦስት ቁጥርን ነው። ተተኪ ከሆንሽ መጀመሪያ ማስታወቅ ነበረብሽ።»

ዜና ዓይኗን ጨፈነች። ተጋጣሚዎቹ ተያዩ። ጭምት ሳቅ መጣባት፤ ቀጥሎ ደግሞ እንባ። አሁንም ዝም ብትል ዜና ትነሳለች፣ «እሷ ተሳስታ ነው» ትላለች፣ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል።

ወደ መጋረጃው ሄደች። ሁለቱ ጨርቆች የት ጋ እንደሚደራረቡ ታውቃለች፤ እናቷ ስትሰፋ ጫፉን ይዛ የቆመችው እሷ ናት። ጣቷን አስገብታ ገለጠችውና ዳኞቹ ፊት ቆመች። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሴትዮዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። መምህሩ አፋቸውን ይዘዋል።

«ሦስት ቁጥር እኔ ነኝ» አለች ጭምት። «በግማሽ ፍጻሜው የሰማችሁት የኔን ድምፅ አይደለም። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ያልተናገርኩት ግን ስላልነበርኩ ነው፤ ሰዓቱ ሌላ ነው ብለውኝ። በመጀመሪያው ዙር ያደከምኳችሁ ነኝ።»

መምህሩ ጭምትን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ደግሞ ጭምትን አዩ። «ልጄ...» አሉ።

«ይህ እኮ ከውድድር ያስወጣል» አሉ ሴትዮዋ ዳኛ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። ደንቡን አንብቤዋለሁ» አለች ጭምት። «ቅጣቱን ስጨርስ ትነግሩናላችሁ። አሁን ግን ሰዓቴ እየሄደ ነው።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሱ።

የመጋረጃው ጫፍ ከጭምት እጅ ሊያመልጥ ሲል ሌላ እጅ መጥቶ ያዘው። ዜና ናት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጨርቁን ጨብጣ ወለሉን ታያለች። ልታግዛት ይሁን ወይስ ዳኞቹ ፊት መልካም ሆና ልትታይ፣ ጭምት አላወቀችም። ኋላ ትጠይቃታለች፤ ዛሬ ግን ጊዜ የላትም። ወደ ዳኞቹ ዞረች።

«የቤት ሥራ መቅረት አለበት» አለች። «ወረቀቱ ላይ ስሜ ተጽፏል። ማን እንደሠራው ግን መምህሬ አያውቁም።»

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ጭምት ቀጠለች፤ ቤቷ እንደምታወራው እየፈጠነች፣ የቃሉን ጫፍ እየጎተተች፣ አንዱንም ሳታሳጥር።